«ያስተምራል» የሚለው ካርቶን ስንት ያወጣል?
የልጆች ማስተማሪያ ጨዋታ አመራረጥ፣ ለገዢም ለአስመጪም

የትምህርት መክፈቻና የበዓላት ሰሞን ሲደርስ መርካቶ ውስጥ የልጆች መጫወቻ በሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ለግማሽ ሰዓት መቆም ብዙ ያሳያል። አባት ይመጣል፣ ልጁ ግን አብሮት የለም። ዕቃውን አውጥቶ አያይም፤ ካርቶኑን ያነባል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ደግሞ «ትምህርታዊ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ያ ቃል ያለበትና የሌለበት ሁለት ዕቃ ቢቀርብለት የትኛውን እንደሚያነሳ ነጋዴውም ያውቃል፣ ካርቶኑን ያተመው ፋብሪካም ያውቃል።

እኔም ከእነዚህ ገዢዎች አንዱ ነበርኩ። ለእህቴ ልጅ አራተኛ ዓመት ልደት መጫወቻ ፍለጋ ወጥቼ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ በዕድሜ የሚበልጡኝ ስለነበሩ ጋሼ እያልኩ ዋጋ ስጠይቃቸው፣ ከመደርደሪያው ሁሉ ውድ የሆነውን፣ ቁልፉን ሲጫኑት በእንግሊዝኛ የሚዘፍነውንና ላፕቶፕ የሚመስለውን ዕቃ አወረዱልኝ። «ወንድሜ፣ ይኼ መጫወቻ አይደለም፤ ትምህርት ቤት ነው» አሉኝ። ኢኮኖሚክስ ያጠናሁ ሰው ነኝ፤ ቢሆንም ከፈልኩ። ልጁ ሁለት ቀን ተጫወተበት። በሦስተኛው ቀን የቁልፎቹን ዘፈን ሁሉ ጨርሶ ስለነበር ተወው። በሳምንቱ እህቴ ቤት ስሄድ የለስላሳ ቆርኪ ወለሉ ላይ ደርድሮ «ባቡር ነው» እያለ ፉርጎዎቹን ሲቆጥር አገኘሁት። አሥር ደረሰና ከአሥር በኋላ ምን እንደሚመጣ ጠየቀኝ። ላፕቶፑ አልጋ ሥር ነበር።

ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ከዚያ ወዲህ ነገሩን በገበያ ዓይን ለማየት በመሞከር ነው። ገንዘቡን የሚከፍለው ወላጅም፣ ገንዘቡን ዕቃ ላይ የሚያስረው አስመጪም አንድ ዓይነት ስህተት ላይ ስለሚወድቁ ለሁለቱም ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

የአሮጌ መኪና ገበያና የመጫወቻ ገበያ

እ.ኤ.አ. በ1970 ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ሊቅ ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንዲት አጭር ጥናት አሳትሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር ለተጋራው የኖቤል ሽልማት ካበቁት ሥራዎች ዋነኛዋ ናት። ፍሬ ነገሯን የመኪና ደላሎቻችን ዩኒቨርሲቲ ሳይገቡ ያውቁታል። ሻጩ የሞተሩን ሕመም ያውቃል፤ ገዢው ቀለሙን ብቻ ያያል። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለጥሩው የሚገባውን ዋጋ አይከፍልም። ስለዚህ ጥሩ መኪና ያለው ሰው ከገበያው ይወጣል፤ የሚቀረው ሕመምተኛው መኪና ነው።

የመጫወቻ ገበያ ከዚህም ይብሳል። መኪናን የገዛው ሰው ራሱ ይነዳዋል፤ ከሳምንት በኋላ ቢታለልም ቢያንስ መታለሉን ያውቃል። መጫወቻን ግን የሚከፍለው አንድ ሰው፣ የሚጠቀምበት ሌላ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ደግሞ «ይህ ዕቃ የቁጥር ችሎታዬን አላዳበረልኝም» ብሎ አቤቱታ አያቀርብም። ሻጩም ቢሆን ካርቶኑን ከፍቶ የተጫወተበት አይደለም። በመሆኑም ሦስቱም ወገኖች ሳያውቁ የሚገበያዩበት ዕቃ ነው ማለት ይቻላል፤ በእንዲህ ያለ ገበያ ደግሞ ዋጋ የሚወስነው ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው።

ትልቅ ኩባንያ ሲሆን ይህ ችግር አይኖርም የሚል ካለ፣ የ«ቤቢ አንስታይን» ነገር ይታወሳል። በዋልት ዲዝኒ ኩባንያ ሥር የነበረው ይህ የንግድ ስም ለጨቅላ ሕፃናት የተዘጋጁ የቪዲዮ ፊልሞችን በዓለም ዙሪያ ሸጦ ነበር። ስሙ ራሱ የሚናገር ነው፤ ልጁ ቁጭ ብሎ ሲያይ ሊቅ ይሆናል የሚያሰኝ። የልጆች መብት ተሟጋቾች አጥብቀው ከተቃወሙ በኋላ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ፊልሙን ለመለሱ ገዢዎች ገንዘባቸውን መመለስ ጀመረ። የእኛ አገር ገዢ ግን ካርቶን ከቀደደ በኋላ ገንዘብ የሚመልስለት የለም።

እያንዳንዱ ሰዓት ስንት ፈጀ?

ታዲያ በምን እንምረጥ? መጀመሪያ የዋጋውን አቆጣጠር ማስተካከል ያስፈልጋል። ለምሳሌ ያህል ብቻ አንድ የሚዘፍን ዕቃ 1,800 ብር፣ አንድ ከረጢት የእንጨት ጡብ 2,400 ብር ነው እንበል። ወላጁ የመጀመሪያውን ርካሽ ይለዋል። ልጁ በሚዘፍነው ዕቃ በጠቅላላው ስድስት ሰዓት ተጫውቶ ከተወው ግን የአንዱ ሰዓት ዋጋ 300 ብር ነው። ባትሪው ለብቻው ነው። በእንጨቱ ጡብ ሦስት ዓመት ሙሉ በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ቢጫወት 156 ሰዓት ይሆናል፤ የአንዱ ሰዓት ዋጋ ከ16 ብር አይበልጥም። ጡቡ ከዚያም ለታናሹ ይተላለፋል። ነጋዴ የሆነ ሰው አንድ የጭነት መኪና ሲገዛ የሚያስበውን ስሌት ነው ለልጁም አስቡበት የምንለው።

ነገር ግን ሰዓት ብቻውን በቂ መለኪያ አይደለም። በስልክ ጨዋታ ልጅ አምስት ሰዓት ያለማቋረጥ ይቀመጣል፤ በሰዓት ስሌት ከሁሉ ርካሽ መጫወቻ ሊመስል ነው። (የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 4 ዓመት ለሆኑ ልጆች ተቀምጦ ስክሪን ማየት በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስ ደግሞ የተሻለ እንደሆነ አስፍሯል።) ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄ በዚያ ሰዓት ውስጥ ሥራውን የሠራው ማን ነው የሚለው ነው። ዕቃው ይዘፍናል፣ ይቆጥራል፣ ያጨበጭባል፤ ልጁስ? የልጁ ድርሻ ቁልፍ መጫን ብቻ ከሆነ ችሎታ ያዳበረው ዕቃው ነው።

በአሜሪካ የሰሜን አሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት አና ሶሳ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ያጠናክራል። ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 16 ወር የሆኑ ሕፃናትና ወላጆቻቸው፣ በድምሩ 26 ጥንዶች፣ ቤታቸው ውስጥ በሦስት ዓይነት ዕቃ እንዲጫወቱ ተደርጎ ንግግራቸው ተቀረጸ። ዕቃዎቹ በኤሌክትሪክ የሚናገሩ መጫወቻዎች፣ እንደ እንጨት ጡብ ያሉ ተራ መጫወቻዎችና የሥዕል መጻሕፍት ነበሩ። ዕቃው ሲናገር ወላጁ ዝም አለ። በሚናገሩት መጫወቻዎች ጊዜ ወላጆች ያወጡት የቃላት ብዛት ከሁለቱም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሕፃን ቋንቋ የሚማረው ከሚመልስለት ሰው ስለሆነ፣ ውዱ ዕቃ ነፃውን አስተማሪ ከሥራ አስወጣው ማለት ነው።

አሥር ቤት ያላት ሠንጠረዥ

ከሁሉ ይልቅ ለዚህ ገጽ አንባቢ የሚጠቅም የመሰለን ጥናት ግን የሚከተለው ነው። ጊታ ራማኒና ሮበርት ሲግለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 አቅማቸው ዝቅተኛ ከሆነ ቤተሰብ የመጡ 124 የአሜሪካ የቅድመ መደበኛ ልጆችን ይዘው አንድ ቀላል ጨዋታ አጫወቱ። ጨዋታው ከግራ ወደ ቀኝ በአንድ መስመር የተሰለፉ አሥር ቤቶች አሉት። በየቤቱ ከ1 እስከ 10 ቁጥር ተጽፏል። ልጁ አንድ ወይም ሁለት የሚያወጣ አዙሪት ያሽከረክራል፤ በወጣለት መጠን ጠጠሩን ወደፊት ያራምዳል። ግማሾቹ ልጆች ልክ ተመሳሳይ ሠንጠረዥ ተሰጣቸው፤ ነገር ግን በቁጥር ፈንታ ቀለም ብቻ ነበረበት።

በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ፣ በየጊዜው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ብቻ ተጫወቱ። በድምሩ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በቁጥሩ የተጫወቱት ልጆች በአራት ነገር ተሻሻሉ፤ በመቁጠር፣ የተጻፈ ቁጥር በመለየት፣ ከሁለት ቁጥር የሚበልጠውን በማወቅና አንድ ቁጥር በመስመር ላይ የት እንደሚውል በመገመት። ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ ሲፈተኑም ያገኙት አልጠፋባቸውም። በቀለሙ የተጫወቱት ግን በቁጥር ዕውቀት ለውጥ አላሳዩም።

ለምን እንደሠራ መረዳት ከውጤቱ ይበልጣል። ጠጠሩ በተራመደ ቁጥር ልጁ ቁጥሩ ሲያድግ በዓይኑ ያያል፣ በእጁ ረዥም መንገድ ይሄዳል፣ በአፉ ብዙ ቃል ይጠራል፣ ብዙ ጊዜም ይወስድበታል። 8 ከ4 እጥፍ መሆኑን ማንም ሳይነግረው አራቱም ነገሮች አንድ ላይ ይነግሩታል። እነዚሁ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ያንኑ ጨዋታ ክብ አድርገው ሲሞክሩት ውጤቱ እንደ ቀጥታው መስመር አልሆነም።

አጫዋወቱም ዋጋ አለው። ልጁ 3 ቁጥር ላይ ቆሞ ሁለት ቢወጣለት «አንድ፣ ሁለት» ብሎ መቁጠር የለበትም። «አራት፣ አምስት» ብሎ የቤቱን ስም መጥራት አለበት። ኋላ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሌላ ጥናት ሁለቱን አቆጣጠሮች አወዳድሮ ጥቅሙ የሚገኘው በሁለተኛው እንደሆነ አሳይቷል። ይህን የሚነግርዎ ካርቶን ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። የሥልጠናው ምስጢር በካርቶኑ ውስጥ ሳይሆን አጠገቡ በሚቀመጠው ሰው አፍ ውስጥ ነው።

የጨዋታው ወጪ ደግሞ አንድ ጠፍጣፋ ካርቶን፣ አንድ ማርከርና ሁለት ቆርኪ ነው። አዙሪት ከሌለ ሳንቲም ይወረወራል፤ አንበሳው ከወጣ አንድ ቤት፣ ጀርባው ከወጣ ሁለት ቤት። ከእህቴ ልጅ ጋር የተጫወትነው በዚህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሲሸነፍ ሠንጠረዡን ገለበጠው፤ ተራ መጠበቅና መሸነፍም ከጨዋታ የሚገኝ ትምህርት ስለሆነ አልተቆጣሁትም።

ቼዝ ሂሳብ ያስተምራል?

ሦስተኛው ጥያቄ ዕቃው የሚለማመደው ችሎታ የትኛው ነው የሚለው ነው። «አእምሮ ያሰፋል» የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ ተጠንቀቁ። ልጅ የሚጎብዘው በተለማመደው ነገር ነው፤ ከዚያ አልፎ ወደ ሌላው ይሻገራል የሚለው ተስፋ ብዙ ጊዜ አይጨበጥም። ቼዝን እንውሰድ። ቼዝ የሚጫወት ልጅ ሂሳብ ይጎብዛል የሚለው እምነት በየአገሩ አለ። በእንግሊዝ አገር 100 ትምህርት ቤቶች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ትልቅ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ልጆቹ በመደበኛ ክፍለ ጊዜ ለ30 ሳምንት ቼዝ ተማሩ። ትምህርቱ ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላ የሂሳብ ውጤታቸው ቼዝ ካልተማሩት አልተለየም። ይህ ቼዝን መጥላት አይደለም፤ ትኩረትና ደስታ የሚሰጥ ታላቅ ጨዋታ ነው። ለሂሳብ ተብሎ ሲገዛ ግን የተሳሳተ ግዢ ነው።

እዚህ ላይ ለኢንቨስተሮች አንድ ጨዋታ ነክ ወሬ እናንሳ። ዛሬ ሞኖፖሊ በመባል የሚታወቀው የቤትና የመሬት መግዣ ጨዋታ መሠረቱ ኤልሳቤጥ ማጊ የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1904 የባለቤትነት መብት ያገኘችበት «የባለ መሬቱ ጨዋታ» ነው። የእሷ ዓላማ መሬትን ጠቅልሎ መያዝ ምን ያህል ጎጂ እንደሆነ ለሕዝብ ማስተማር ነበር። ፓርከር ወንድማማቾች ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1935 ሞኖፖሊን ለገበያ አቀረበው፤ ዓለም ሁሉ በደስታ ጠቅላይ መሆንን ተለማመደበት። ሠሪው ያሰበውና ተጫዋቹ የሚማረው አንድ ላይሆን ይችላል።

በአንጻሩ የሚለማመደው ነገር በግልጽ የሚታይ ጨዋታ ለመምረጥ ይቀላል። ሥዕል ቆራርጦ የሚገጣጠመው ፐዝል ቅርጽን በሐሳብ አዙሮ ማየትን ያለማምዳል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የቺካጎ ጥናት ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ በቤታቸው ፐዝል ሲጫወቱ የታዩ ልጆች ኋላ በዚህ ዓይነት ፈተና ይበልጡ እንደነበር አሳይቷል። በእርግጥ ይህ ዝምድናን እንጂ ምክንያትን አያረጋግጥም፤ ቢሆንም መንገዱ የሚታመን ነው።

የእኛው ገበጣስ? በብዙ ቦታ እንደሚጫወቱት ሁለት ረድፍ፣ ስድስት ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር፣ በድምሩ 48 ጠጠር አለው። ልጁ አንድ ጉድጓድ አፍሶ ለየጉድጓዱ አንዳንድ እያደረገ ሲሄድ አንድ ለአንድ መቁጠርን ይለማመዳል። ትንሽ ሲያድግ ከማንሳቱ በፊት መጨረሻው ጠጠር የት እንደሚወድቅ ማስላት ይጀምራል። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙ የገበጣ ዓይነቶችን ሰብስበው ሲያሳትሙ አጫዋወቱ ከቦታ ቦታ እጅግ የተለያየ እንደሆነ አሳይተዋል። በየአገሩ «ማንካላ» እየተባለ በሳጥን ተሽጎ የሚሸጠው ዕቃ የገበጣ ዘመድ ነው። ሰኞ ማክሰኞ፣ ቅልልቦሽና እንቆቅልሽም እንዲሁ በገንዘብ ስላልተተመኑ ብቻ ከ«ትምህርታዊ» ዝርዝር ውጪ የቀሩ ናቸው።

ከመክፈልዎ በፊት

የልጁ ዕድሜ ከሦስት ዓመት በታች ከሆነ ከትምህርቱ በፊት የሚታየው ጉሮሮ ነው። በአሜሪካ ደንብ ከ31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው መፈተሻ ቱቦ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ክፍል ያለው መጫወቻ ለዚህ ዕድሜ አይሸጥም። ከላይ ያመሰገንናቸው ቆርኪና ጠጠርም በዚሁ ይከለከላሉ። ከሁሉ የሚያሰጋው ክብ ጠፍጣፋው የሰዓት ባትሪ ነው። ልጅ ከዋጠውና ጉሮሮው ላይ ከተያዘ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ስለሚችል፣ የባትሪው ክዳን በብሎን የማይታሰር ዕቃ በነፃም ቢሰጥ አይወሰድ። ቀለሙ በጥፍር ሲፋቅ የሚነሳ ዕቃም ይቅር። እ.ኤ.አ. በ2007 ማቴል የተባለው ታላቅ የአሜሪካ መጫወቻ አምራች እንኳ ቻይና ያሠራቸውን መጫወቻዎች፣ ቀለማቸው ውስጥ የእርሳስ ማዕድን በመገኘቱ በብዛት ከገበያ ለመሰብሰብ ተገድዷል።

ብዛትም ጥቅም አይደለም። በአሜሪካ ቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ በ36 ሕፃናት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ 16 መጫወቻ ከቀረበላቸው ጊዜ ይልቅ አራት ብቻ ሲቀርብላቸው በአንዱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜና በተለያየ ዘዴ ተጫውተዋል። ቤትዎ ብዙ መጫወቻ ካለ ከመግዛት ይልቅ ግማሹን ሸሽጎ በወሩ መቀያየር አዲስ የመግዛት ያህል ነው።

ለአስመጪና ለአምራች

የመጫወቻ ነጋዴ ይህን ሁሉ ሲያነብ ገበያዬን ሊያጠፋ ነው ሊል ይችላል። ስሌቱ ግን ሌላ ይናገራል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሚዘፍን ፕላስቲክ በብር የሚያስገባው ዋጋ ምን ያህል እንደተለወጠ አስመጪው ከማንም በላይ ያውቃል። ዕቃ ለመምረጥ የሚፈልግ አስመጪ ናሙና ያስመጣ፤ ናሙናውን ለአሥር ቀን ለልጆች ይስጥ፤ በአሥረኛው ቀን አሁንም የሚነሳውን ይዘዝ። በጉምሩክ አመዳደብም መጫወቻና ፐዝል በ95.03፣ የሠንጠረዥ ጨዋታና የመጫወቻ ካርታ በ95.04፣ የልጆች ሥዕል መጽሐፍ በ49.03 ቁጥር ሥር ስለሚወድቁ፣ ዲክላራሲዮኑ አንድ ላይ ጠቅልሎ «መጫወቻ» እንዳይል ከትራንዚተሩ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል።

ሰፊው ክፍተት ያለው ግን በፊደል ነው። ከውጭ ተዘጋጅቶ የሚመጣው የፊደል መጫወቻ የላቲን ፊደል ነው። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሰባት ቅርጽ 231 ይሆናሉ፤ እነዚህን በካርታ ማተም የሚችል ማተሚያ ቤት አዲስ አበባ ውስጥ አለ። 231 ካርታ ለልጅ ስለሚበዛ በአራት ፓኬት ይከፈል። ሦስቱ ስምንት ስምንት ፊደል፣ ማለትም 56 ካርታ፣ አራተኛው ዘጠኝ ፊደል፣ 63 ካርታ ይይዛል። ጨዋታውም «የመ ካዕብ አለህ?» እየተባባሉ የአንዱን ፊደል ሰባት ቅርጾች ቀድሞ መሰብሰብ ይሁን። ልጁ ለመጠየቅ የፊደሉን ድምፅ መጥራት፣ ለመስጠትም ቅርጹን መለየት ግድ ይለዋል፤ ሥራውን የሚሠራው ልጁ እንጂ ካርታው አይደለም።

ወጪውን ለማስላት ያህል፣ የዲዛይን፣ የፕሌትና የመቁረጫ ቅርጽ ወጪ 60,000 ብር፣ ለአንድ ፓኬት ወረቀት፣ ቀለምና ካርቶን ደግሞ 70 ብር ነው እንበል። 500 ፓኬት ያሳተመ ሰው አንዱን በ190 ብር ያወጣዋል፤ 3,000 ያሳተመ በ90 ብር። ለውጡን ያመጣው ቋሚው ወጪ በብዙ መከፋፈሉ ነው። ስለዚህ ቀዳሚው ሥራ ከማተሚያ ቤቱ በፊት ሦስትና አራት መዋዕለ ሕፃናትን ማነጋገርና የመጀመሪያውን 1,000 ፓኬት በትዕዛዝ መያዝ ነው። ፓኬቱ ጀርባ ላይም አጫዋወቱ ለወላጅ በአማርኛ፣ በአምስት መስመር ይጻፍ።